ከቆዳ እስከ ቀብድ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ በትዕዛዝ ቦርሳ ለሚሠራ የንጽጽር መመሪያ

በትዕዛዝ ሥራ ደንበኛው ቀብድ የሚከፍለው ገና ላልተሠራ ዕቃ ነው። ቀኑ ደርሶ ቦርሳው ካልተገኘ፣ ወይም ቀለሙ ካሳዩት ቁራጭ ከተለየ፣ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር እምነቱ ተበላሸ። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ይህ ጉዳይ ይከብዳል። ትልልቆቹ ቆዳ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ያሉት ሞጆና አዲስ አበባ አካባቢ ነው፤ ጥሩ ክር፣ ዚፕና ዘለበትም ብዙውን ጊዜ ከመርካቶ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ደግሞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ቆዳም ሆነ መኪና፣ ዚፕም ሆነ የክፍያ ውል ሲመረጥ ከመልኩና ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ይህ ነገር ቢያልቅ ወይም ቢበላሽ፣ ቀጠሮው ሳያልፍ ልተካው እችላለሁ? ከዚህ በታች ያሉት ምርጫዎች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ነው።

የበግ፣ የፍየል ወይስ የከብት ቆዳ?

የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ በውጭ ገበያ ስም ያወጣው በጓንት ነው። ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ከቀጭንነቱ አንጻር ደግሞ ጠንካራ ነው። ለቦርሳ ሥራ የሚገኘው በብዛት ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። የፍየል ቆዳ ጠበቅ ይላል፣ ጭረትም ይችላል፤ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በተለይ ባቲ በሚል ስም የሚሸጠው የፍየል ቆዳ የተከበረ ነው። የከብቱ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብቻውን ቅርጹን ይዞ መቆም ይችላል።

ለኪስ ቦርሳ ፍየልን ከውጭ፣ በግን ከውስጥ ማድረግ ከሁሉም ይሻላል። ምክንያቱ የሚታየው ንብርብሩ ሲደመር ነው። ሦስት የካርድ ኪስ ያለው አንዱ ጎን የውጩን፣ የብር መያዣውንና ሦስቱን ኪሶች ይዞ አምስት ንብርብር ይሆናል። ሁሉም 1.2 ሚሊ ሜትር የከብት ቆዳ ከሆነ ጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር፣ ሲታጠፍ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሱሪ ኪስ ውስጥ እንደ ጡብ ይቆማል። ውጩ 0.9 ፍየል፣ ውስጡ አራት ንብርብር 0.5 በግ ቢሆን ግን ጠርዙ 2.9 ላይ ያልቃል። የላይኞቹ ሁለት ኪሶች እስከ ታች እንዳይወርዱ በ“T” ቅርጽ ከተቆረጡ ደግሞ ጠርዙ ላይ የሚደራረበው ሦስት ንብርብር ብቻ ስለሚሆን ወደ 1.9 ይወርዳል።

ልኩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። የባንክ ካርድ 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር ነው። ኪሱ ከስፌት እስከ ስፌት 90 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ስፌቱ ከጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ስለሚል ቁራጩ 96 ይቆረጣል። 88 የተቆረጠ ኪስ ካርዱን አያስገባም፣ 100 የተቆረጠው ደግሞ ይጥለዋል። ሁለተኛው የእጥፋቱ ጉዳይ ነው፦ የውስጡ ቁራጭ ከውጩ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ማጠር አለበት። እኩል ተቆርጠው ከተሰፉ ሲታጠፍ ውስጡ ይኮማተርና ቦርሳው አልዘጋ ይላል፤ ከተሰፋ በኋላ ደግሞ መፍትሔ የለውም።

ለትከሻ ቦርሳ የበግ ቆዳ ብቻውን አይሆንም። ስለሚለጠጥ ማንጠልጠያው በወራት ውስጥ ይረዝማል፣ የዘለበት ቀዳዳውም ሞላላ ይሆናል። ደንበኛው ያንኑ ልስላሴ ከፈለገ ከኋላው ጠንከር ያለ ጨርቅ ይለጠፍበት፤ ማንጠልጠያው ውስጥ ደግሞ የማይለጠጥ የናይለን ጥብጣብ ይግባ። ካልሆነ ከ1.4 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር የከብት ቆዳ ይምረጡ። ከየትኛውም ቆዳ ቢሆን ማንጠልጠያ የሚቆረጠው በጀርባ አጥንቱ አቅጣጫ፣ ወደ ጀርባው ከቀረበው ቦታ ነው። የሆድ በኩል ልል ነው፤ ለውስጥ ኪስ ያገልግል።

ስንት ይገዛ? ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፤ አንዱ ፊት 30.5 በ30.5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 929 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 25፣ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለክዳን ቦርሳ እንውሰድ። የፊትና የኋላ ገጹ 1,500 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ክዳኑ 660፣ ጎንና ወለሉ 800፣ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድርብ ማንጠልጠያ 720 ይወስዳሉ። ከስፌት ትርፉ ጋር ወደ 4,000፣ ማለትም 4.3 ፊት ይመጣል። እዚህ ላይ የሚባክነውን ሲሶ ሲጨምሩ 6 ፊት ይገዛሉ። 5 ፊት የሆነ የፍየል ቆዳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከእሱ ቢሠራ 4 የኪስ ቦርሳ ያወጣል፤ 6 ይወጣዋል ብሎ ዋጋ የቆረጠ ይከስራል።

ሲሶው የሚባክነው በእከክ፣ በመዥገር ንክሻና በቢላ ምክንያት ነው። እከክ የሚያመጡት ቅማልና ሌሎች የቆዳ ጥገኞች የሚተዉት ጠባሳ ሌጦው ላይ እያለ አይታይም፤ ከለፋ በኋላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ደማቅና ቀላል ቀለም ያጋልጠዋል፣ ጥቁር ይሸፍነዋል። በቆዳው ጀርባ ደግሞ ገፋፊው በቢላ የነካካውን ቦታ ጣትዎን እያስኬዱ ይፈልጉ፤ ፊቱ ሙሉ ቢመስልም ሲጎተት እዚያ ላይ ይቀደዳል። ስለዚህ ቆዳን በፎቶ አይዘዙ። ሰው ልከው የሚያስገዙ ከሆነ ከጀርባም ከፊትም በቪዲዮ እያሳየ ይምረጥ።

ቀለም ላይ ምክራችን ጠበቅ ያለ ነው፦ ጥቁር፣ ቡናማና አንድ ቀላል ቀለም፣ ከዚያ በላይ አያስቀምጡ። በሁለት ጊዜ የተቀለመ “ቡናማ” ሁለት ቡናማ ነው። አንድ ቦርሳ ከአንድ ቆዳ ይውጣ፤ ካልበቃ ፊቱና ክዳኑ ከአንዱ፣ ወለሉና ማንጠልጠያው ከሌላው ይሁን።

በክሮም የለፋ ወይስ በዕፅዋት የለፋ?

ገበያ ላይ በብዛት ያለው በክሮም፣ ማለትም በክሮሚየም ጨው የለፋው ነው። ለመለየት ጠርዙን በአዲስ ምላጭ ይቁረጡ፤ ቀለሙ ዘልቆ ካልገባ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ግራጫ መስመር ይታያል። ቀጭን ፍቅፋቂ ሲቃጠል አመዱ ወደ አረንጓዴ ካዘነበለ ክሮም ነው። በዕፅዋት የለፋው ላይ ውሃ ጠብ ቢያደርጉ ወዲያው ይጠጣና ይጠቁራል።

ልዩነቱ ሥራው ላይ የሚታየው ጠርዝና ፊደል ላይ ነው። በዕፅዋት የለፋው ጠርዙ በትንሽ ውሃ ርሶ በለስላሳ እንጨት ሲታሽ ያብረቀርቃል፤ እርጥብ እያለ በብረት ማኅተም ሲመታም የስም ፊደል አትሞ ይይዛል። የድሮ የሐረር መጽሐፍ ጠራዦች የቁርኣን ሽፋን ላይ የሚያትሙትን ሐረግ ዓይነት ጌጥ የሚፈልግ ደንበኛ ከመጣ የሚሆነው ይኸኛው ነው። በክሮም የለፋው ግን ታሽቶ አይለሰልስም። ጠርዙ ወይ ይቀባል ወይ ይታጠፋል፤ እኛ የምንመርጠው ማጠፉን ነው፣ ምክንያቱም የጠርዝ ቀለም ቢያልቅ ከቅርብ አይገኝም። ለማጠፍ ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህሉን በስለታም ቢላ እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ያሳሱ፣ ማስቲሽ ቀብተው ያጥፉ፣ በመዶሻ በቀስታ ያስተኙት። ሳይሳሳ የታጠፈ ጠርዝ ከሌላው እጥፍ ይወፍራል፤ መኪናውም እዚያ ሲደርስ ስፌት ይዘላል።

ለዕለት ተዕለት ቦርሳ የክሮሙ ይበልጣል። የድሬዳዋ ፀሐይና የእጅ ላብ በዕፅዋት የለፋውን ያጠቁሩታል፣ የውሃ ጠብታም ቀለበት ይተውበታል። ይህን እያወቀ የሚፈልግ ደንበኛ አለ፤ የማያውቅ ግን ተበላሸብኝ ብሎ ይመለሳል። ከማዘዙ በፊት ለወራት የተያዘ ናሙና ያሳዩት።

ስፕሊት የሚባለው የቆዳው የታችኛው ንጣፍ ነው፤ ፊቱ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ተቀብቶ ይሸጣል። ዋጋው ይማርካል። ቁራጩን አጥፈው ሲጨምቁት እንደ ሙሉ ቆዳ ጥቃቅን መስመር ሳይሆን አንድ ወፍራም ስንጥቅ ካወጣ፣ ወይም ጠርዙን በጥፍር ሲፍቁት ፊቱ ከተላጠ ይተዉት። ደንበኛ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ የተገዛ ሰው ሠራሽ ቦርሳ አምጥቶ “እንደዚህ ሥሩልኝ” ካለ ቅርጹን ይውሰዱ፣ ማቴሪያሉን አይቀበሉ። በሙቀትና በላብ ሲላጥ የሚነሳው የእርስዎ ስም ነው።

በእጅ ወይስ በመኪና?

የእጅ ስፌት በአንድ ክርና በሁለት መርፌ የሚሠራው ነው፤ በየቀዳዳው ሁለቱም መርፌዎች ከተቃራኒ አቅጣጫ ያልፋሉ። አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላኛው መስመር ይይዘዋል። የመኪና ስፌት የላይና የታች ክር ተቆላልፎ የሚሄድ ስለሆነ አንዱ ሲበጠስ ግራና ቀኙ ቀስ በቀስ ይፈታል። ጥንካሬው ላይ ክርክር የለም። ጊዜው ላይ ነው ልዩነቱ፦ እጁ የፈታ ሰው ቀዳዳ መብሳቱን ጨምሮ በሰዓት ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የኪስ ቦርሳ ስፌቱ አንድ ሜትር ግድም ነው፤ የትከሻ ቦርሳ ግን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የኪስ ቦርሳን በእጅ መስፋት ያዋጣል፣ ትልቁን ቦርሳ ሙሉ በሙሉ በእጅ መስፋት ግን በዋጋው ውስጥ የአንድ ቀን ድካም መግባቱን ይጠይቃል።

ለእጅ ስፌት ሰም የተቀባ ፖሊስተር ክር፣ ለኪስ ቦርሳ 0.6፣ ለትልቅ ቦርሳ 0.8 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የክሩ ርዝመት የስፌቱ አራት እጥፍ ሲደመር 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አጥሮ መሀል ላይ መቀጠል ቋጠሮውን ያሳያል። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ለኪስ ቦርሳ 3፣ ለትልቁ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከተቀራረበ ቀዳዳዎቹ ቆዳውን ራሳቸው ይቆርጡታል።

ብዙ ቤት ያለው ቡተርፍላይ ወይም ሲንጀር የእግር መኪና የተሠራው ለጨርቅ ነው። ሁለት ንብርብር የበግ ቆዳ፣ ማለትም እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያለ ችግር ይሰፋል። መርፌው ጫፉ እንደ ስለት የሆነ የቆዳ መርፌ፣ ቁጥር 16 ወይም 18 መሆን አለበት፤ የጨርቅ መርፌ ቆዳውን ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋዋል፣ ስፌትም ይዘላል። የመኪናው እግር ቆዳው ላይ ተጣብቆ አልሄድ ካለ ከላይ ስስ ወረቀት አድርገው ይስፉና በኋላ ይቅደዱት። ከታች ያለው ጥርስ የሚተወው ጠባሳ ስለማይጠፋ ውብ የሆነው ፊት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። አንዴ የተበሳ ቆዳ አይደፈንም፤ በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ፣ ፈቶ እንደገና መስፋት የሚባል ነገር የለም። ከመስፋትዎ በፊት በማስቲሽ ያያይዙ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ይያዙ። መጨረሻ ላይም ወደኋላ ደጋግሞ ከመመለስ ሁለቱን ክሮች በጀርባ አውጥቶ መቋጠር ይሻላል።

ከባድ ቦርሳ በብዛት የሚሠራ ሰው እግሩና መርፌው ከቆዳው ጋር አብረው የሚራመዱበት የቆዳ መኪና ያስፈልገዋል። ሲገዛ ሞተሩ ሰርቮ ይሁን፤ 550 ዋት ግድም ነው፣ የሚበላውም ሲሰፋ ብቻ ነው። የድሮው ክላች ሞተር ሳይሰፋም ይዞራል፣ ኃይለኛም ስለሆነ ለጀማሪ ያስቸግራል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱም ይቆማሉ። ቀጠሮ ያለበት ሰው የእግር መኪናውን አይሽጠው።

እስከዚያው ወፍራሙን ስፌት መኪና ላለው ጫማ ሠሪ በሜትር ማሰፋት ይቻላል። ሐረር ያለ ሰው ደግሞ ገበሩን ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላሉት ልብስ ሰፊዎች ቢሰጥ ሰዓቱ ይተርፈዋል። ቆዳውን ግን አይስጣቸው፤ መኪናቸው የጨርቅ ነው።

ሙቀቱና እርጥበቱ የሚለውጡት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። በመኪና አንድ ሰዓት ቢራራቁም የሥራ ሰዓታቸው አንድ አይደለም። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ስስ ተደርጎ ይቀባና ጣት ሲነካው መጣበቅ እስኪያቆም ይጠበቃል። ሐረር ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈልገው ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን በሁለት ሦስት ደቂቃ ይደርቃል፤ ካለፈበት በኋላ ቢጫኑትም አይይዝም፣ በሳምንቱ ይላቀቃል። ድሬዳዋ የሚሠራ ሰው ማጣበቁን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያድርግ፤ ከተማው በሚያርፍበት የቀትር ሰዓት ይሰፋ፣ ይቁረጥ። አንድ ጊዜ የሚቀባው ደግሞ አንድ ክንድ የማይሞላ ጠርዝ ይሁን። በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ የማስቲሽ ትነት ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይጠራል፣ ስለዚህ ክር የሚተኮስበት ላይተር ከአጠገቡ ይራቅ።

ሐረር ላይ የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። ፌስታል ውስጥ የታሰረ ቆዳ ሻጋታ ያወጣል። ጥቅል ቆዳ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ድሬዳዋ ላይ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ይደርቃል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል።

ዘለበት፣ ዚፕና ገበር

ከላይ ልባጥ ያለው የብረት ዘለበት ርካሽ ነው፤ ላብ ሲያገኘው ልባጡ ይነሳና ዝገቱ ቆዳውን ያበላሻል። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ማግኔት ካልያዘው በሞረድ ከጀርባው ትንሽ ይፋቁት፦ ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፣ ነጭ ግራጫ ከወጣ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ እሱ አይዝግም ግን ሲወድቅ ይሰበራል። ማንጠልጠያ ለሚሸከም ቀለበት ነሐሱን፣ ለጌጥ ዚንኩን።

ዚፕ ተቆርጦ የተዘጋጀውን ሳይሆን በሜትር የሚሸጠውን ይግዙ፤ ለትልቅ ቦርሳ ቁጥር 5፣ ለሳንቲም ኪስ ቁጥር 3። ጥቁርና ቡናማ ጥቅል ከተንሸራታቹ ጋር ካለዎት የትኛውም ልክ ቢታዘዝ ዚፕ ፍለጋ መሄድ የለም። ለገበር ጥጥ ጨርቅ ቅርብ ይገኛል፤ በቀላል ቀለም ቢሆን ደንበኛዋ ቁልፏን ቦርሳው ውስጥ ታያለች።

የግል ትዕዛዝ ወይስ የመሥሪያ ቤት?

ድሬዳዋ ላይ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ዓርማ ያለበት በርከት ያለ ዕቃ ያዛሉ። ሐረር ላይ ሙሽራ፣ እንግዳና ጀጎልን ሊያይ የመጣ ጎብኚ ይበዛል። ጎብኚ ሳምንት አይጠብቅም፤ ለእሱ ሦስት አራት ሞዴል ተሠርቶ፣ ፊደል ብቻ እዚያው እየታተመ ቢሰጥ ይሻላል። የሃምሳ ቦርሳ ትዕዛዝ ግን ትልቅ ቢመስልም ለትንሽ ሥራ ቤት ያስፈራል፦ 300 ፊት አንድ ቀለም ቆዳ ይፈልጋል፣ ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል። ከመቀበልዎ በፊት ቆዳው ሙሉ በሙሉ እጅዎ ይግባ፣ ዓርማው የተመታበት አንድ ናሙና ተፈርሞበት ይቀመጥ፣ ርክክቡም በ10 በ10 ተከፍሎ ክፍያው ከእያንዳንዱ ርክክብ ጋር ይሂድ።

ቀብድ ስንት?

ግማሽ መቀበል የተለመደ ነው። ጥቁር ቦርሳ ከሆነ ይበቃል፤ ሰውየው ቢቀር ሌላ ይገዛዋል። የሰው ስም የተጻፈበት ወይም ለዚያ ደንበኛ ብቻ የመጣ ቀለም ከሆነ ግን ማንም አይገዛውም፤ እዚያ ላይ የማቴሪያሉ ሙሉ ዋጋና የመጀመሪያው ቀን ድካም በቀብዱ መሸፈን አለበት፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲላክ ምክንያቱ ላይ የትዕዛዙ ቁጥር ይጻፍ።

የትዕዛዝ ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን። ልኩ በሳንቲ ሜትር፣ የቆዳው ዓይነት፣ የዘለበቱ ቀለም፣ የሚጻፈው ፊደል ደንበኛው በእጁ ጽፎት፣ የቀጠሮው ቀን፣ ቀብዱና ቀሪው ይስፈሩበት። የቆዳው ቁራጭ ለሁለት ተቆርጦ በሁለቱም ቅጂ ላይ ይያያዝ፤ ስለ ቀለም የሚነሳ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ቀጠሮ ሲሰጡ ከቆዳው መድረሻ ቀን ይቁጠሩ እንጂ ከቀብዱ ቀን አይደለም፤ የሥራ ቀኑ ላይም ሦስት ቀን ይጨምሩ። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ መንገዱና ትራንስፖርቱ ስለሚጨናነቅ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ከዚያ ሳምንት ቀድሞ ይግባ። ለኢድና ለፋሲካ የሚሰጥ ስጦታ ደግሞ የትዕዛዙ መዝጊያ ቀን አስቀድሞ ይነገር።

ጥገናውም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ስፌት ከተፈታ፣ ቀለበት ከተነቀለ ወይም ማጣበቂያ ከለቀቀ እስከ አንድ ዓመት በነፃ፤ ዚፕ ተንሸራታቹ ብቻ ከሆነ በነፃ፣ ሙሉው ከሆነ በዕቃው ዋጋ፤ ጭረት፣ የውሃ ጠባሳና ፀሐይ የለወጠው ቀለም አይካተቱም። ከእያንዳንዱ ቦርሳ የተረፈ አንድ መዳፍ የሚያክል ቆዳና ሁለት ሜትር ክር የትዕዛዙ ቁጥር ተጽፎበት በፖስታ ይቀመጥ፤ ከዓመት በኋላ ለጥገና ሲመጣ ያንን ቀለም ሌላ ቦታ ፈልገው አያገኙትም።